ዓለም በመጨረሻው ምዕራፍ

የኅብረተሰብ ትምህርት መጻሕፍታችን ከቤት ይነሣሉ። በቅድሚያ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ከዚያ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ አገር፣ አፍሪካ። ዓለም የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻ ማለት ደግሞ ሰኔ ነው፤ ፈተና የደረሰበት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የመምህሩ ድምፅ የማይሰማበት፣ "የቀረውን ራሳችሁ አንብቡት" የሚባልበት ወር። ብዙ ተማሪ ከዓለም ጋር ሳይተዋወቅ ክፍል የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አደራደሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የስቶይክ ፈላስፋ ሂየሮክሊስ ሰውን በብዙ ክቦች መካከል አቁሞት ነበር። የመጀመሪያው ክብ የራሱ ነፍስና ሥጋ፣ ቀጣዩ ወላጆቹና ወንድሞቹ፣ እያለ እያለ የመጨረሻው የሰው ዘር በሙሉ። የጨዋ ሰው ተግባር የውጭውን ክብ ወደ ውስጥ መሳብ ነው፤ ባዕዱን እንደ ዘመድ፣ ዘመዱን እንደ ወንድም መቁጠር። የተባበሩት መንግሥታት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ያጸደቋቸው የዘላቂ ልማት ግቦችም ከዚህ ሐሳብ ብዙ አልራቁም። የአራተኛው ግብ ሰባተኛ ንዑስ ግብ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ተማሪ ሁሉ ስለ ዘላቂ ልማት፣ ስለ ሰብዓዊ መብት፣ ስለ ሰላምና ስለ ዓለም ዜግነት እንዲማር ይፈልጋል። የእኛም ሥርዓተ ትምህርት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር የተባለውን ትምህርት አሳርፎ በታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብን፣ በላይኞቹ የዜግነት ትምህርትን ያመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በሁሉም ውስጥ ያለው ሥዕል አንድ ነው፦ ልጁ መካከል ላይ፣ ዓለም ዳር ላይ።

ይህን ሥዕል እንዳላምን ያደረገኝ ሁምቦ ነው።

ከወላይታ ሶዶ በአርባ ምንጭ መንገድ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ጠበላን ያገኛሉ፤ የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ ሜዳው ወደ አባያ ሐይቅ ይዘረጋል። በአካባቢው ያሉት ኮረብታዎች በአንድ ወቅት ደን ነበሩ፤ ከዚያ ጉቶ ሆኑ፤ አሁን እንደገና ደን ናቸው። ይህ ለውጥ በሰነድ የተመዘገበ ነው፤ የተመዘገበውም እዚህ ብቻ አይደለም። 2,728 ሄክታር የሚሆነው ይህ መሬት በኪዮቶ ስምምነት የንጹሕ ልማት ሥልት መሠረት በ2002 ዓ.ም. ሲመዘገብ በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ተብሎ ነበር። ደኑ በሰላሳ ዓመት ውስጥ ወደ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ላይ ይሰበስባል ተብሎ ተሰላ። ከዚህ ውስጥ የ165,000 ቶኑን የካርቦን ምስክር ወረቀት በዓለም ባንክ የሚተዳደረው የባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ሻጮቹ ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው፤ አባሎቻቸው የአበላ፣ የሆቢቻና የዋንቼ ገበሬዎች። ሥራውን ያስተባበረው ወርልድ ቪዥን የተባለው የረድኤት ድርጅት ነው።

እንግዲህ በዚህ ወረዳ ትምህርት ቤት የተቀመጠ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከመስኮቱ ወደ ኮረብታው ሲያይ የሚያየው ምንድን ነው? ዓለም ከመስኮቱ ውጪ ቆማለች። እሱ ግን በመጽሐፉ ገና ዓለም ላይ አልደረሰም።

ዓለም ወደ ሁምቦ ስትመጣ ደግሞ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በዓለም ባንክ ብድር፣ በወላይታ ዋዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። ከደጋው መሬት የጠበባቸውን ገበሬዎች ወደ አበላ ቆላ አውርዶ አሰፈረ። ያን ጊዜ ልማት ማለት ቆላውን መንጥሮ ማሳ ማድረግ ነበር፤ እሰየው የተባለውም በዚሁ ነው። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ያው ባንክ በዚያው ወረዳ ዛፍ ስላልተቆረጠ ከፈለ። ይህን የምጽፈው ለማሾፍ አይደለም (ትንሽ ቢያሾፍም)። በሁለቱም ጊዜ የመጣው ሰው የዘመኑን እውቀት ይዞ ነው የመጣው፤ በሁለቱም ጊዜ ገበሬው ጥሩ ምክንያት ነበረው። "ዘላቂ ልማት" የሚለውን ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር ከእነዚህ ሁለት ጉብኝቶች የተሻለ መግቢያ የት ያገኛል? የትናንቱ ልማት የዛሬው ጥፋት መሆኑን ልጁ ከመጽሐፍ ሊያነበው ይችላል፤ አያቱን ቢጠይቅ ግን ማን መጥረቢያ እንደያዘና ለምን እንደያዘ ይነግሩታል።

በሁለቱ መካከል ደግሞ 1977 ዓ.ም. አለ። ያን ዓመት ረኀቡ ወላይታንም አላለፈም። ዓለም በስንዴ ከረጢትና በዘይት ጣሳ መጣች። ለአንድ ትውልድ የዓለም መልክ ያ ነበር፦ ሰጪ እጅ። ስለዚህ የሁምቦ ሰው ከዓለም ጋር ያለው ታሪክ በመጀመሪያ ተበዳሪ፣ ቀጥሎ ተረጂ፣ በስተመጨረሻ ሻጭ መሆን ነው። ከሦስቱ አንዱም ዜጋ መሆን አይደለም፤ ሻጭነቱ ግን ቀረብ ይላል፤ ሻጭ ቢያንስ ዋጋ ይጠይቃልና።

ደኑ የተመለሰበት መንገድ ራሱ ሊነገር ይገባዋል። በየኮረብታው ያሉት ጉቶዎች የሞቱ አልነበሩም። ሥሮቻቸው ከመሬት በታች ሕያው ነበሩ፤ በየክረምቱ ያቆጠቁጣሉ፤ ቡቃያውን ፍየል ይበላዋል፣ የቀረውን ሰው ለማገዶ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ከቁጥቋጦ አያልፉም። ሥራው ቦታውን ከከብት መከለል፣ ከአንዱ ጉቶ ከሚወጡት ብዙ ቅርንጫፎች ጠንካሮቹን መርጦ መተው፣ ሌላውን መግረዝ ነው። ችግኝ የተተከለው ጉቶ በሌለበት ቦታ ነው። የተገረዘው ለማገዶ ይሆናል፤ ሣሩ እየታጨደ ለከብት ይሄዳል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዋንዛው፣ ወይራው፣ ግራሩ ከሰው ቁመት በለጠ።

ይህን ዘዴ ወደ ሁምቦ ያመጣው ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራው ነው። ዘዴውን በተግባር ያሳደገው ግን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኒጀር፣ በማራዲ አካባቢ፣ ከገበሬዎች ጋር ነው። በኒጀር በዚህ መንገድ ዛፍ የተመለሰበት መሬት ወደ አምስት ሚሊዮን ሄክታር ይገመታል። ከሁምቦ ደግሞ ዘዴው ወደ ዳሞታ ተራራ፣ ሶዶ አጠገብ ወደ ተጀመረው ሌላ የደን ፕሮጀክት ተሻገረ። በትምህርት ቤት ስለ ዓለም ስናወራ እውቀት ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ዝናብ እንደሚወርድ አድርገን እናቀርበዋለን። ከሰሃራ ዳር ያለ ገበሬ ያወቀው ነገር ሁምቦ ላይ ሲሠራ ግን ማን ማንን አስተማረ? ይህ ታሪክ በየትኛውም ክፍል ቢነገር የአፍሪካን ካርታ ከማስጠናት በላይ አፍሪካን ያስተምራል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ተማሪዎቻችን በየክረምቱ ችግኝ ይተክላሉ። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ፎቶግራፍም ያምርበታል። የሁምቦ ትምህርት ግን በአብዛኛው የመትከል አይደለም፤ የመታገሥ ነው። አለመቁረጥ ፎቶግራፍ የለውም። በሪፖርት ላይ አይቆጠርም። ልጁ በአንድ ቀን ጉድጓድ ቆፍሮ "ተፈጥሮን ታደግሁ" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ፍየሉን ከተከለለው ቦታ ለዓመታት ያራቀው እረኛ ልጅ ግን ምንም የምስክር ወረቀት አያገኝም። ሁለተኛው ልጅ ነው ለደኑ የከፈለው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚያ ነውና።

ከባዮካርቦን ፈንዱ ጋር የተደረገው ውል በአሥር ዓመት ውስጥ ለ165,000 ቶን ከ700,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያስገኝ ተነግሮ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያካፍለው፤ ለቶን ከ4 ዶላር ጥቂት ይበልጣል። 880,000 ቶኑን ለሰላሳ ዓመት ያካፍለው፤ በዓመት ወደ 29,000 ቶን ይሆናል። አንድ አሜሪካዊ ከነዳጅ በሚወጣ ጭስ በዓመት 14 ቶን ያህል ድርሻ አለው። እንግዲህ የሁምቦ ኮረብታዎች በሙሉ የሚሸከሙት የ2,000 አሜሪካውያንን ያህል ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻው ከግማሽ ቶን እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ያው ደን ለእኛ ቢሆን ከ100,000 ሰው በላይ ይችል ነበር። ከዚያ ተማሪው ሌላ ቁጥር ይመልከት፦ በየካቲት 2015 ዓ.ም. በአውሮፓ ገበያ የአንድ ቶን የብክለት ፈቃድ ዋጋ 100 ዩሮ ነክቶ ነበር። "ታዲያ ለምን 4?" ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ መልስ አለው፦ የአውሮፓ ገበያ የደን ካርቦንን አይቀበልም ነበር፤ ገበያዎቹም፣ ዘመኑም የተለያዩ ናቸው። መልሱ ትክክል ነው። ግን ጥያቄውን አይዘጋውም። ደንቡን ማን አወጣው የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይወልዳል።

በደንቡ መሠረት ከደን የሚገኘው የካርቦን ምስክር ወረቀት ጊዜያዊ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለሁምቦ የተሰጠው የመጀመሪያው 73,000 ቶን ገደማ የሚሆን ምስክር ወረቀትም ጊዜያዊ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዛፍ ሊቃጠል፣ ሊቆረጥ ይችላል። የፋብሪካው ጭስ ግን በአየር ላይ ለብዙ መቶ ዓመት ይቆያል፤ እሱን "ጊዜያዊ" የሚል ማኅተም ያደረገበት የለም። ስለዚህ በዚህ ውል ውስጥ ዋስትና የሚጠየቀው ድሃው ወገን ነው። ገበሬው ስለ ልጅ ልጁ መጥረቢያ ይጠየቃል።

አማኑኤል ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላለማዊ ሰላም ሲጽፍ የዓለም ዜግነትን መብት ያወጣው ከምድር ቅርጽ ነው። ምድር ክብ ናት፤ ሰዎች ያለ ገደብ ሊሸሻሹ አይችሉም፤ ዞረው ዞረው ይገናኛሉ፤ ስለዚህ እንግዳ እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው። ይህ መከራከሪያ የቆመው በመብት እንጂ በፍቅር ላይ አይደለም፤ የሚወደድበትም ለዚህ ነው። ካንት ያሰበው ግን ስለ መሬት ነው፤ ስለ መርከብና ስለ ወደብ። አየርን አላሰበም። በመሬት ላይ ለመገናኘት አንዱ ተነሥቶ መሄድ አለበት። በአየር ግን የሁምቦ ገበሬና የዲትሮይት መኪና ነጂ ማንም ከቤቱ ሳይወጣ ተገናኝተዋል፤ አስቀድሞም አንዱ ሌላውን ጎድቷል። ስለዚህ ከእንግዳ ተቀባይነት የሚነሣ የዓለም ዜግነት ለእኛ ዘመን አይበቃም። እንግዳው በር አላንኳኳም፤ ቤት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ዜጋ ማን ነው? አርስቶትል ዜጋን የሚያውቀው በመግዛትና በመገዛት ነው፤ ተራውን ጠብቆ ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው። በዚህ መለኪያ የዓለም ዜጋ የሚባል ሰው በሁምቦ የለም፤ በኪዮቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ስምምነቱ ሲደረስ ከአበላ የመጣ ድምፅ አልነበረምና። ትምህርት ቤቱ "የዓለም ዜጋ ነህ" ሲለው የሚያስተምረው ግማሹን ብቻ ነው፤ መገዛቱን። ኃላፊነት አለብህ፣ ዛፍ ጠብቅ፣ ቆሻሻ አትጣል፣ ስለ ምድር አስብ። ምድርን ብዙም ላልበደለ ልጅ ይህን ሁሉ ግዴታ መዘርዘር ድፍረት አይሆንም? ለእኔ የዓለም ዜግነት ትምህርት ትልቁ ድካም ይህ ነው፤ ከደግነት ይጀምራል፤ ሒሳብ መጠየቅን ግን አያስተምርም።

ከላይ የተጫነ ሰፊ ማንነት እንዴት እንደሚወድቅ ወላይታ ከማንም በላይ ያውቃል። በደርግ ዘመን ተማሪው ስለ ወዛደራዊ ዓለም አቀፋዊነት እየተማረ ነው ያደገው፤ የሩቅ አገር ታጋዮችን ስም በቃሉ ያውቅ ነበር፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ ከዚያ ትምህርት ምን ተረፈ? ከዚያ ደግሞ ወጋጎዳ መጣ። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ልሳናት አቀላቅሎ በአንድ የተዘጋጀ ቋንቋ መጽሐፍ ታተመና ለትምህርት ቤት ተሰጠ። ሐሳቡን በቅን ልቡና ካየነው ክብን የማስፋት ሐሳብ ነው፤ አራቱ ልሳናት ዘመዳማቾች ናቸው፤ ሕዝቦቹም እንዲሁ። ነገር ግን ማንም እናት ለልጇ ያላወራችው ቋንቋ ነበር። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉ ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በጠረጴዛ ላይ የተሠራ ሰፊ "እኛ" በክፍል ውስጥ ሕይወት አይዘራም። ይህን ያየ መምህር "የዓለም ማኅበረሰብ" የሚለውን ቃል ሲያነብ ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም።

ክቦቹ ራሳቸውስ የቆሙ ናቸው? የደኑ ውል ሲፈረም ሁምቦ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነበረች። ያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፈርሶ ዛሬ ሁምቦ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ናት። የኪዮቶ ሥርዓትም በፓሪሱ ስምምነት ተተክቷል። ከክቦቹ ውስጥ ክልሉም ዓለሙም ተቀየሩ፤ የሰላሳ ዓመቱ ጊዜ ግን ገና አላለቀም። የመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ ሲያረጅ ሌላ ይታተማል። ዛፉን የሚጠብቀው ማኅበር ግን በስብሰባው ቀን መገኘት አለበት።

ማኅበሩ ላይ ተስፋዬን የጣልኩት ለዚህ ነው። በመጀመሪያ ብዙ ገበሬ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ሰግቶ ነበር፤ በዚህ አገር እንዲህ ብሎ መስጋት ሞኝነት አይደለም። ስጋቱ የለዘበው በስብከት አይደለም። ማኅበራቱ ተመዘገቡ፣ የደኑ የመጠቀም መብት በስማቸው ሆነ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ፣ ማን መቼ ሣር እንደሚያጭድ፣ ማን ማገዶ እንደሚገርዝ፣ ጥሶ የተገኘ ምን እንደሚቀጣ ወሰኑ። ከካርቦኑ በተገኘው ገንዘብ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠሩ። አርስቶትል የጠየቀው መግዛትና መገዛት እዚህ አለ፤ በጠቅላላ ጉባኤ፣ በቃለ ጉባኤ፣ በገንዘብ ያዥ ሪፖርት። ዓለም አቀፍ ከሆነ ነገር ጋር የተሳሰረ ሆኖ እጅ በማውጣት የሚወሰን ነገር በአገራችን ስንት ቦታ ይገኛል?

የሰባተኛ ክፍልን የዓለም ዜግነት ምዕራፍ የማዘጋጅ ቢሆን እንግዲህ ከክቦቹ አልጀምርም። ከውሉ እጀምራለሁ። የፕሮጀክቱ ሰነድ እንደ ደንቡ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ የተማሪው አባት በወላይትኛ ነው የተስማማው፤ የወረዳው ደብዳቤ በአማርኛ ነው። ተማሪው ሦስቱን ቋንቋ በአንድ ክፍል ውስጥ ይዞ ይቀመጣል፤ በአገራችን ከእሱ የተሻለ አስተርጓሚ ላይገኝ ይችላል። ጥቂት ገጾችን ወደ ወላይትኛ እንዲመልሱ አደርጋለሁ፤ የገዢው ግዴታ የቱ ነው፣ የሻጩስ? ደኑ ቢቃጠል ማን ይከፍላል? ዋጋው ቢወጣ ማን ያተርፋል? ከዚያ ወደ ጉባኤው ይሂዱ፤ ተቀምጠው ይስሙ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያካፍሉ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የአንዱን ዋንዛ ግንድ ይለኩ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሜትርና ደብተር ነው፤ ላቦራቶሪው ከአጥሩ ማዶ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ።

እንዲህ ያለ ትምህርት አደጋ አለው፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ውል ማንበብ የተማረ ልጅ ውሉን ሊጠላ ይችላል። ወላይታ መሬት የጠበበበት አገር ነው። የአባቱ ማሳ ለወንድሞቹ የማይበቃ፣ ታላቅ ወንድሙ አዲስ አበባ ገብቶ ሊስትሮ የሆነ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንዲህ ቢልስ፦ "ደኑ ሲከለል እኔ አልተወለድኩም። የማኅበሩ አባል አባቴ እንጂ እኔ አይደለሁም። ከሰል አክስዬ ብሸጠው በሳምንት የማገኘው ለእኔ ከካርቦኑ ይበልጣል። ለማላውቀው ሰው አየር ብዬ ለምን ልተወው?"

መጽሐፉ ለዚህ መልስ የለውም። መምህሩ "ዝም በል፣ የምድር ጠላት አትሁን" ቢለው ምዕራፉ በዚያች ደቂቃ ያበቃል። ስለ ጎርፉ ሊነግረው ይችላል፤ ኮረብታው በተራቆተበት ዘመን አፈሩ ታጥቦ በማሳ ላይ እንዴት እንደተከመረ፣ ዛፉ ሲመለስ ምንጩ እንዴት እንደተመለሰ። ይህ ለአባቱ ማሳ እውነት ነው፤ ማሳ ለሌለው ለእሱ ግን ግማሽ መልስ ነው። የልጁ ጥያቄ የአባልነት ጥያቄ ነው፤ ከውሉ በኋላ የተወለደ ሰው በምን መብት ይገባል? ጥያቄው በዓለም ሸንጎ ስለ መጪው ትውልድ ከሚነሣው ጋር ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ መጪው ትውልድ መጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጡ ብቻ ነው።

መምህሩ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ ጥያቄውን በልጁ ቃል ጽፎ፣ የክፍሉን ተማሪዎች አስፈርሞ፣ ለማኅበሩ ሊቀመንበር መስጠትና በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ እንዲያዝ መጠየቅ። ሽማግሌዎቹ ላይወዱት ይችላሉ። አንዳንዱ "ልጅ በጉባኤ ምን አግብቶት" ይላል፤ አንዳንዱ የራሱ ልጅ ባለፈው ዓመት በአውቶቡስ የሄደ ይሆንና ዝም ይላል። ከዚያ መከራከር አለባቸው፤ አዲስ አባል በምን መዋጮ ይገባል፣ ከወፍጮው ገቢ ለወጣት የሚሆን ድርሻ ይኑር አይኑር፣ የማር ቀፎ በደኑ ውስጥ ይሰቀል አይሰቀል። ልጁ ከኋላ ቆሞ ይሰማል፤ ቢፈቀድለትም ይናገራል።